በገመድ ተሰክቶም የሚንቀራፈፍ ኢንተርኔት

«ዋይፋዩን ተወውና በገመድ ሰካው» የሚለው ምክር ሁሉም ሰው አፍ ላይ ነው። ምክሩ ልክ ነው። ገመድን ግድግዳ አያግደውም፤ የጎረቤት ዋይፋይም አይረብሸውም። ጣጣው የሚመጣው ገመዱ ተሰክቶም ኢንተርኔቱ እንደ ድሮው ሲጎተት ነው። ያኔ ብዙ ሰው ሌላ ነገር አይጠረጥርም፤ ጣቱን በቀጥታ ወደ ቴሌ ይቀስራል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ግን ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ፣ እንዲህ ባሉ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ጥፋቱ ከቤት በር ወዲህ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ቀላል አይደለም። ርካሽ ገመድ፣ ያለ ሥርዓት የተደረደረ ሽቦ፣ ወይም ማንም ሳያየው ጥግ ላይ ፎቶ እየጫነ ያለ ስልክ።

ከኮምፒውተራችሁ እስከምትከፍቱት ገጽ ያለው መንገድ በብዙ ቁራጭ የተቀጣጠለ ነው። ኮምፒውተሩ አለ። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ የሚያገናኘው ገመድ አለ። ራውተሩ አለ። ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር አለ፤ እሱም ወይ የድሮው የመዳብ ስልክ መስመር ነው፣ ወይ ፋይበር። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ጣቢያ፣ ከዚያም ከአገር የሚያስወጣው መስመር ይቀጥላል። ባሕር ስለሌለን የባሕር ውስጥ ኬብል የምናገኘው በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ዞረን ነው። የሚደርሳችሁ ፍጥነት ከእነዚህ ሁሉ ቁራጮች ከጠባቡ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው «ኢንተርኔቱ ምን ሆነ?» ሳይሆን «የጠበበው የትኛው ቁራጭ ነው?» የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው ከቅርቡ ጀምሮ አንድ በአንድ እየለኩ ወደ ውጭ በመሄድ ነው። ሳይለኩ አዲስ ራውተር የሚገዙ፣ ኮምፒውተሩን ፎርማት የሚያስደርጉ ሰዎች አህያውን ፈርተው ዳውላውን ነው የሚመቱት።

መጀመሪያ፣ እውነት ቀርፋፋ ነው ወይ?

ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው። ፋይል ስታወርዱ ብሮውዘሩ የሚያሳያችሁ ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ ባለ 10 ሜጋ መስመር ያለው ሰው ሁሉም ነገር በተሟላበት ቀን የሚያየው ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው። መረጃው ተጠቅልሎ የሚላክበት ማሸጊያም ከዚሁ ላይ ቦታ ስለሚወስድ በተግባር 1.1 ወይም 1.2 ይሆናል። 1 ጊጋባይት የሚመዝን ፊልም በዚህ መስመር ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። «10 ሜጋ እየከፈልኩ የሚደርሰኝ 1 ሜጋ ነው» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ እዚችው ስሌት ላይ ያልቃል። ገንዘቡም ጉልበቱም ይተርፋል።

ስሌቱ ካልገጠመ ወደ መለካት እንሂድ። ስፒድቴስት ወይም ፋስት ዶት ኮም ይበቃል። አለካኩ ግን ወግ አለው። በምትለኩበት ሰዓት ሌላ ማንም መስመሩን መጠቀም የለበትም። «ልጆች፣ ስልካችሁን አስቀምጡ» ማለት አይበቃም፤ የተቀመጠ ስልክም ከጀርባው ይሠራል። የራውተሩን ዋይፋይ ለጊዜው አጥፉት፤ ከአንዱ ኮምፒውተር በቀር በገመድ የተሰካውንም ሁሉ ንቀሉ። ቪፒኤን ካለ ይዘጋ። ከዚያ አንዴ ማለዳ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ አንዴ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለኩ።

ማለዳ ሙሉ ፍጥነት ሰጥቶ ማታ ማታ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ገመዳችሁ ንጹሕ ነው፤ የተሰበረ ሽቦ ሰዓት አይለይም። ያ የመጨናነቅ ምልክት ነው፤ ቤት ውስጥ ሌላውን ሁሉ ስለነቀላችሁ መጨናነቁ ከቤታችሁ ውጭ ነው። ማለዳም ማታም እኩል ቀርፋፋ ከሆነ ግን ምርመራውን እዚያው ጠረጴዛው ሥር ጀምሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ መለኪያዎች ብዙውን ጊዜ ቅርብ ያለ ሰርቨር ነው የሚመርጡት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ቁጥር አግኝታችሁ የአውሮፓ ድረ ገጽ የሚንቀራፈፍባችሁ ከሆነ መለኪያው አልዋሸም። የለካው ሌላ መንገድ ነው። ስፒድቴስት ላይ ሰርቨሩን ቀይራችሁ ውጭ አገር ያለ ምረጡና ድገሙት። የዚህን ምክንያት ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

ከገመዱ ጋር የተስማማችሁበት ፍጥነት

ኮምፒውተርና ራውተር በገመድ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚያደርጉት በስንት እንደሚነጋገሩ መስማማት ነው። ምርጫዎቹ በተለምዶ 3 ናቸው፦ 10፣ 100 ወይም 1000 ሜጋቢት በሰከንድ። ስምምነቱን ዊንዶውስ ራሱ ይነግራችኋል። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ኢተርኔት የሚለውን ስትጫኑ «ሊንክ ስፒድ» የሚል መስመር አለ። ያን ቁጥር እዩ። ኢንተርኔታችሁ ከዚያ ቁጥር ሊበልጥ አይችልም።

10 ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ዛሬ ቤት ውስጥ 10 ላይ የሚስማማ ጤነኛ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። 100 ካለ ግን ቶሎ አትደንግጡ። ብዙ ራውተሮች፣ በተለይ የቆዩት የመዳብ መስመር ሞደሞች፣ ሶኬታቸው ራሱ ከ100 አያልፍም። ፓኬጃችሁ 10 ወይም 25 ሜጋ ከሆነ ደግሞ 100 ከበቂ በላይ ነው። ለባለ 10 ሜጋ መስመር ውድ የካት 6 ገመድ ግዙ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ ማለፍ ነው። የሚያሳስበው ሁለቱም ወገን 1000 የሚችል ሆኖ ሳለ 100 ላይ ሲስማሙ ነው። ያ ገመዱ ውስጥ የሆነ ነገር እንደጎደለ ይናገራል።

ምን እንደሚጎድል ለማወቅ ገመዱን ከፍቶ ማየት ነው። ውስጡ 8 ሽቦ አለ። ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዘው 4 ጥንድ ይሆናሉ፦ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ፤ እያንዳንዱም ነጭ ያለበት ጓደኛ አለው። በ100 ለመነጋገር 2 ጥንድ ብቻ ይበቃል፤ ብርቱካናማውና አረንጓዴው። በ1000 ለመነጋገር 4ቱም ጥንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሰማያዊው ወይም ከቡናማው አንዲት ሽቦ ብትቆረጥ ኢንተርኔቱ አይጠፋም። አብዛኞቹ የኔትወርክ ካርዶች (ገመዱ የሚሰካባቸው የኮምፒውተሩ ክፍሎች) ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ፤ እናንተም አታውቁም። ከብርቱካናማው ወይም ከአረንጓዴው ከተቆረጠ ግን ወይ ጨርሶ አይሠራም፣ ወይ እየመጣ ይሄዳል።

አሁን ወደምወደው ጥፋት ልምጣ። ሰፈር ውስጥ ገመድ የሚገጥሙ ልጆች አሉ። ፈጣን ናቸው፣ ርካሽ ናቸው፣ አብዛኞቹም ጎበዞች ናቸው። ግን አንዳንዱ «ዋናው ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው» ብሎ ያምናል። ቀለሙን እንዳየው በቅደም ተከተል ይደረድራል፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ለዓይን ያምራል። በትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም በምትለው ቴስተር ሲፈተሽም ከ1 እስከ 8 ሁሉም ይበራል። ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ኢንተርኔቱ ግን ይንቀራፈፋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ኮኔክተሩ፣ ማለትም ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ፣ ላይ 3ኛውና 6ኛው ቦታ አንድ ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ የአንድ ጥንድ ሽቦዎች መሆን አለባቸው። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት ለጌጥ አይደለም። መጠማዘዛቸው የውጭውን ረብሻ እርስ በርሱ ያጠፋፋዋል። ከላይ ባለው «ያማረ» አደራደር ግን 3ኛው ነጭ አረንጓዴ ሲሆን 6ኛው ሰማያዊ ይሆናል። ሁለቱ አብረው አልተጠማዘዙም። መብራት ያስተላልፋሉ፤ ቴስተሩም የሚያየው ይህንኑ ብቻ ነው። መረጃ በፍጥነት ሲላክባቸው ግን አንዱ በሌላው ላይ ይጮኻል። ገመዱ አጭር ከሆነ ላይታወቅ ይችላል። ከራውተሩ ክፍል እስከ ሳሎን ወይም ከ4ኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ሲዘረጋ ጉዱ ይወጣል።

ትክክለኛው አደራደር፣ የኮኔክተሩን ምላስ ወደ ታች አድርጋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ስትቆጥሩ፣ ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሐል አድርጎ እንደሚከበው አስተውሉ። ኮኔክተሩ ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ መሣሪያ ሳያስፈልጋችሁ አሁኑኑ አንገታችሁን ዘንበል አድርጋችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስታዩም ሽቦዎቹ ኮኔክተሩ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ምን ያህል እንደተፈቱ ተመልከቱ። 1 ሳንቲሜትር ገደማ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ጣት ያህል ተፈትቶ የሚታይ ከሆነ የገጠመው ሰው ቸኩሏል።

የገመዱ ጥራት ሌላ ነገር ነው። ገበያ ላይ «ካት 5ኢ» እና «ካት 6» ተብሎ ከተጻፈበት ውስጥ ሁሉም መዳብ አይደለም። አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ በስሱ መዳብ የተቀባ አለ። መርካቶ ስትገዙ ከሽቦዎቹ አንዱን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ብር የሚመስል ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ጥቅልሉም ሲያነሱት ይቀላል። አሉሚኒየሙ ከመዳብ የበለጠ ኤሌክትሪክን ይገታል፣ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ለአጭር ርቀት ሊሠራ ይችላል፤ ግድግዳ ውስጥ ቀብራችሁት የምትረሱት ገመድ ግን መዳብ ይሁን።

ከጎረቤት ጋር አንድ መስመር ተጋርቶ ገመድ በበረንዳ ማሳለፍ በኮንዶሚኒየም የተለመደ ነው። እዚህ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ከመሣሪያ እስከ መሣሪያ ያለው የገመዱ ርዝመት ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። ከብሎክ ወደ ብሎክ ሲዞር 100 ሜትር ከምትገምቱት ቶሎ ይሞላል። ሁለተኛ፣ ለቤት ውስጥ የተሠራ ገመድ ፀሐይ ላይ ሲውል ላስቲኩ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ውኃው እዚያ ይገባል። ገመዱን ከመብራት ሽቦ ጋር አንድ ላይ ጠፍሮ ማሳለፍም አይመከርም፤ ለፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ለነፍሳችሁም።

ይሄ ሁሉ ሳያደክማችሁ በፊት ግን ቀላሉን ሞክሩ። ጤነኛ መሆኑን የምታውቁትን አጭር ገመድ ተውሳችሁ ኮምፒውተሩን ራውተሩ አጠገብ ወስዳችሁ ሰኩት። ፍጥነቱ ከተመለሰ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ካልተመለሰ ራውተሩ ላይ ያለውን ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ፤ ከዚያ ሌላ ላፕቶፕ ሰኩ። በ10 ደቂቃ ግማሹን ጥርጣሬ ትጥላላችሁ።

ፒንግ የሚነግራችሁ

ሊንክ ስፒዱ ጥሩ ሆኖም ገመዱ መረጃ እየጣለ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያሳየው ፒንግ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል ፒንግ ብላችሁ ክፍተት ተዉና የራውተሩን አድራሻ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ካልሆነ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። አራቴ ብቻ እንዳይሞክር ከኋላው ሰረዝና ኤን፣ ከዚያ ክፍተትና 100 ጨምሩበት። መቶ ጊዜ ይጠይቃል፣ መቶ ጊዜ መልስ ይጠብቃል።

በገመድ ሆናችሁ የራሳችሁ ራውተር በ1 ሚሊሰከንድ (በሰከንድ አንድ ሺህኛ) ወይም ከዚያ በታች መመለስ አለበት። አልፎ አልፎ 4 ወይም 5 ቢል ራውተሩ ሌላ ሥራ ይዞ ነው፤ እለፉት። መጨረሻ ላይ የሚጽፈው «ሎስት» የሚለው ቁጥር ግን ዜሮ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ በገመድ ከመቶ አንድ እንኳ መጥፋት የለበትም።

«ከመቶ አንድ ምን አላት?» ማለት ይቻላል። ከላይ ያቆየሁት ነገር እዚህ ጋ ነው። ኮምፒውተሮች መረጃ ሲጠፋ «መንገዱ ተጨናንቋል» ብለው ያስባሉ፤ ስለዚህ ራሳቸውን ያቀዘቅዛሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨምራሉ። ምን ያህል ቶሎ እንደሚያገግሙ የሚወሰነው መልሱ ደርሶ እስኪመለስ በሚፈጀው ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር በ10 ሚሊሰከንድ ቢመልስ ቶሎ ያገግማሉ። አውሮፓ ያለው ግን ሩቅ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር ቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች መውረድ የማይቻል ነው። ኬብሉ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፤ ስለዚህ ከ100 በላይ የተለመደ ነው።

ለዚህ የሚያገለግል የቆየ ቀመር አለ። በሱ ስናሰላ፣ ከመቶ አንድ እየጠፋ ደርሶ መልሱ 150 ሚሊሰከንድ ከሆነ አንድ ግንኙነት የሚያገኘው 1 ሜጋቢት ገደማ ብቻ ነው። ያው ጥፋት በ10 ሚሊሰከንድ ርቀት ላይ ግን ወደ 14 ሜጋቢት ያስኬዳል። አሁን ያሉት ዘዴዎች ከዚህ የተሻለ ቢያደርጉም ነገሩ ያው ነው። በዚያ ላይ ስፒድቴስት ብዙ ግንኙነት በአንዴ ስለሚከፍት ጉድለቱን ይሸፍነዋል። አዲስ አበባ ላይ ሲለካ «10 ሜጋ ሙሉ ነው» የሚላችሁ መስመር ከውጭ አንድ ፋይል ሲወርድበት እንደ ቀንድ አውጣ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጥፋተኛዋ ደግሞ በር ሥር የተጨፈለቀች ገመድ ልትሆን ትችላለች።

ራውተሩ ንጹሕ ከሆነ ያንኑ ፒንግ ወደ 8.8.8.8 አድርጉት። የጉግል አድራሻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመልሳል። እስከ ራውተሩ ምንም ሳይጠፋ ከዚያ ወዲያ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ከቤታችሁ ወጥቷል። ይህን ውጤት በስልክ ፎቶ አንሱት፤ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ማንም ያልነካው የሚመስል ሴቲንግ

ስለ ዱፕሌክስ፣ ማለትም መላክና መቀበል በአንዴ ይሁን ወይስ በተራ ስለሚለው ሴቲንግ፣ አጭር ነገር ልበል። ከድሮ ጀምሮ «ፍጥነት ለመጨመር» እየተባለ የሚዞር ምክር አለ፦ የኔትወርክ ካርዱን ሴቲንግ ከፍተህ ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ የሚለውን በእጅ 100 ፉል አድርገው የሚል። አታድርጉት። አንዱ ወገን በእጅ ተቆልፎ ሌላው ኦቶ ላይ ከሆነ ኦቶ ያለው ስለ ስምምነቱ ምንም ስለማይሰማ ወደ ግማሽ ዱፕሌክስ ይወርዳል። አንዱ መላክና መቀበልን በአንዴ ያደርጋል፣ ሌላው በተራ ይጠብቃል። ፒንግ ጥሩ ይመስላል፤ ትልቅ ፋይል ሲጀመር ግን ይሞታል። ሴቲንጉ «ኦቶ ኔጎሺዬሽን» ላይ ይቀመጥ። የካርዱን ድራይቨር (የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ከኮምፒውተሩ አምራች ገጽ ማደስም አይጎዳም።

ዴስክቶፕ ሲከፈት ሁሉም ነገር የሚያዘግም ከሆነ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ዲስኩ 100 ከመቶ ተወጥሮ ከሆነ ያማረራችሁ ኢንተርኔት አይደለም። የቆየ ሃርድ ዲስክ ነው። ማውረዱ ፈጣን ሆኖ ገጽ ሲከፈት ብቻ ሁለት ሦስት ሰከንድ የሚያስብ ከሆነ ደግሞ ዲኤንኤሱን፣ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት፣ ወደ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ቀይሩ። ይህ የገጽ መክፈቻውን ያቀላጥፈው ይሆናል እንጂ የማውረድ ፍጥነት አይጨምርም። ይጨምራል የሚሉ ቪዲዮዎች ብዙ ናቸው።

የሚጭን ሰው ቤት ውስጥ ካለ

ስለማውረድ ሁሉም ያስባል፤ ስለመጫን የሚያስብ ጥቂት ነው። በመዳብ መስመር ላይ የመጫኛው ስፋት ከማውረጃው በጣም ያነሰ ነው፤ 1 ሜጋቢት አካባቢ ሊሆን ይችላል። ስታወርዱ ኮምፒውተራችሁ «ደርሶኛል፣ ቀጥል» የሚል አጭር መልስ ሳያቋርጥ ይልካል። ያ መልስ የሚወጣው በመጫኛው በኩል ነው። ከሠርግ የመጣች እህታችሁ ስልኳን ዋይፋይ ላይ አድርጋ ከተኛች ስልኩ ቪዲዮውን ሁሉ ወደ ጉግል ፎቶ ሲጭን ያድራል። ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ሲኖትራክ አሸዋ እያራገፈ ከኋላው የቆመ ባጃጅ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አያልፍም። «ደርሶኛል» የምትለዋ መልእክትም እንደዚያው ቆማ ትጠብቃለች። ማውረዱም ይቆማል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ወደ 8.8.8.8 ፒንግ እያደረጋችሁ ዋይፋዩን አብርታችሁ አጥፉት። በርቶ ሳለ በሺህ የሚቆጠር ሚሊሰከንድ እየሆነ ሲጠፋ ወደ ጤናው የሚመለስ ከሆነ ወንጀለኛውን አገኛችሁ። መፍትሔው ማንንም መቆጣት አይደለም። የስልኮቹ ባክአፕ ሌላ ሰው መስመሩን በማይጠቀምበት ሰዓት ይሁን። ራውተሩ ባንድዊድዝ ኮንትሮል ወይም ኪውኦኤስ የሚል ነገር ካለው ጠቅላላውን መጫኛ ከአቅሙ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ገድቡት፤ ወረፋው በጣም ያጥራል። ዊንዶውስም የራሱ ድርሻ አለው። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን በሚለው ሥር ዝማኔን ለሌሎች ሰዎች ኮምፒውተር ማጋራትን ማጥፋት ይቻላል።

ራውተሩና መብራቱ

መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ራውተር ቶሎ ያረጃል። በተለይ አዳፕተሩ። ሲደክም ራውተሩ ጨርሶ አይጠፋም፤ ሥራ ሲበዛበት ብቻ ይቆማል ወይም ራሱን አጥፍቶ ያበራል። አዳፕተር ስትቀይሩ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የጫፉም ፖላሪቲ አንድ ዓይነት ይሁን። ራውተሩን በዳንቴል አትሸፍኑት፤ ቴሌቪዥን ጀርባም አትወሽቁት። ይሞቃል።

የክረምት መብረቅ ሌላ ጣጣ ነው። ሩቅ የወደቀ እንኳ በመዳብ መስመር ገብቶ የራውተሩን አንድ ቀዳዳ ብቻ አቁስሎ ሊሄድ ይችላል። ያ ቀዳዳ 10 ላይ ይስማማል፣ ወይም እየጣለ ይሠራል፤ ጎኑ ያለው ጤነኛ ነው። ነጎድጓድ ሲያይል ኃይሉንም የስልክ መስመሩንም መንቀል ይሻላል። ሶኬት ላይ የሚሰካው መከላከያ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው በኃይል በኩል የሚመጣውን ብቻ ነው።

ከቤት ውጭ ያለው መስመር

መስመራችሁ መዳብ ከሆነ ርቀት ጌታ ነው። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው ቴክኖሎጂ በወረቀት እስከ 24 ሜጋቢት ይሰጣል፤ ግን ከጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር ይወርዳል። የሞደሙ ገጽ ውስጥ ሁለት ቁጥር አለ። «አቴንዌሽን» የሚለው መስመሩ ምን ያህል እንዳዳከመው ይናገራል፤ 30 ዲሲቤል አካባቢ ጥሩ፣ 60 እጅግ ደካማ ነው። «ኖይዝ ማርጂን» የሚለው ደግሞ ከረብሻው በላይ የቀረውን ትርፍ ያሳያል፤ ከ6 በታች ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይህ ቁጥር የሚወድቅ ከሆነ የሆነ መገጣጠሚያ ውስጥ ውኃ ገብቷል። የቤት ስልክ ካላችሁ አንስታችሁ አዳምጡ፤ ድምፁ የሚንጫጫ ከሆነ ኢንተርኔቱም በዚያው ሽቦ ነው የሚሄደው። ስልኩ በስፕሊተር፣ የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት በሚለየው ትንሽ ሳጥን፣ በኩል መሰካቱንም እዩ።

ፋይበር ከሆነ ርቀቱ ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው መታጠፍ ነው። ቀጭኗ ቢጫ ወይም ነጭ ክር የመስታወት ናት። በምስማር የተጣበቀች፣ በበር የተጨፈለቀች ወይም በጣም የተጠቀለለች ከሆነ ብርሃኑ እዚያ ያመልጣል። መሣሪያው ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት በቀይ ብልጭ ካለ ብርሃን አልደረሰም። ብርሃኑ ደርሶም ሊደክም ይችላል። የመሣሪያው ገጽ ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን በዲቢኤም፣ በብርሃን ኃይል መለኪያ፣ ይጻፋል። ከ−8 እስከ −27 ያለው የሚሠራበት ክልል ነው። −20 ደህና ነው። −27 ላይ ከደረሰ ጠርዝ ላይ ናችሁ። በ3 በወረደ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው። የክሩን ጫፍ ነቅላችሁ በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ የማይታይ ሌዘር ነው።

«ፋይበሩን ከጎረቤቶቼ ጋር ስለምጋራ ነው የሚንቀራፈፈው» የሚሉ አሉ። ጂፖን በሚባለው አሠራር አንድ ክር ለ32 ወይም ለ64 ቤት መከፈሉ እውነት ነው። ግን የክሩ ጠቅላላ አቅም 2,488 ሜጋቢት ነው። 64 ቤት ሁሉም በአንዲት ቅጽበት ቢያወርዱ እንኳ ለእያንዳንዱ 39 ሜጋቢት ያህል ይደርሰዋል። ባለ 10 ሜጋ ደንበኛ ከዚህ አይጎዳም። የማታው መጨናነቅ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲያ ነው፤ እሱን ደግሞ በገመድም በራውተርም አታስተካክሉትም።

ችግሩ ውጭ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ወደ ቴሌ 994 ደውሉ። «ኢንተርኔት አይሠራም» አትበሉ፤ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ይሏችኋል፣ ያ ነው የሚያልቀው። «በገመድ ነኝ፣ ዋይፋዩን አጥፍቻለሁ፣ እስከ ራውተሩ ምንም አይጠፋም፣ ከዚያ ወዲያ ከመቶ 6 ይጠፋል፣ የሚደርሰው ብርሃን −28 ነው» በሉ። የምትናገሩትን እንደምታውቁ ይገባቸዋል፤ ጉዳዩም ወደ ቴክኒሻን ቶሎ ያልፋል። የጥያቄ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ጻፉ። ቴክኒሻኑ መጥቶ ሲጨርስም ከመሄዱ በፊት ፒንጉን አብራችሁ ድገሙት። የብርሃኑን ወይም የኖይዝ ማርጂኑን አዲስ ቁጥር ጠይቁና ከነቀኑ በወረቀት ጽፋችሁ ራውተሩ ጎን ላይ ለጥፉት። በሚቀጥለው ክረምት ሲንቀራፈፍ የምታወዳድሩት ነገር ይኖራችኋል።